ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ ግሊሰሪን ወይስ ዩሪያ? የካንሰር ሕክምና ላደረቀው ቆዳ የቱን እንግዛ

የካንሰር ሕክምና ቆዳ ያደርቃል። ኬሞው፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ በፍጥነት የሚራቡ ሴሎችን ሲመታ ቆዳን የሚያድሱትንም አይምርም። ጨረር ባረፈበት ቦታ የወዝና የላብ ዕጢዎችን ይጎዳል። ለካንሰሩ የሆርሞን ክኒን የሚወስዱ ሴቶችም ቆዳቸው እየደረቀ ይቸገራሉ። የአዲስ አበባ ዳርቻ አየር ደግሞ ድርቀቱን ያባብሰዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ይደርቃል። ሱሉልታና ለገጣፎ በኩል የሚኖር ሰው ያን ነፋስ ያውቀዋል።

አክስቴ የምትኖረው ለገጣፎ ነው። ኬሞ ከጀመረች በኋላ የቅልጥሟ ቆዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሳ። ማታ ማታ ማሳከኩ አላስተኛ አላት። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ ያለውን ይዞ መጣ፤ አንዷ ለጋ ቅቤ፣ አንዷ ግሊሰሪን በሎሚ፣ አንዷ ሽታው ቤት የሚሞላ ሎሽን። ሁሉም በፍቅር የመጣ ነው፤ ሁሉም ግን ለታማሚ ቆዳ አይሆንም።

ከቫዝሊን እንጀምር። የትም ሱቅ አለ፣ ዋጋውም ከሁሉ ይቀላል። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ቫዝሊን ቆዳ ላይ ውሃ አይጨምርም፣ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይዘጋል እንጂ። ስለዚህ ደረቅ ቆዳ ላይ ቢለቀልቁት ብዙም አይጠቅም። ገላ ከታጠቡ በኋላ፣ ፎጣውን ሳያሹ ጠብ ጠብ አድርገው፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ መቀባት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየቀኑ ገላ መታጠብ የማይታሰብበት ጊዜ አለ። ያኔ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ እግርና ክንድ ላይ አሳርፎ ወዲያው መቀባት ይበቃል።

ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን አለርጂ የሚያስነሳው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ ለተጎዳ ቆዳ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። «የሕፃናት» የሚለውን ስታዩ ግን አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ሽቶ አለው። ችግሩ ይጣበቃል፣ ልብስ ያበላሻል። ጠዋት ተቀብቶ ባልተነጠፈ መንገድ ታክሲ ጥበቃ የሚቆም ሰው አቧራውን ሁሉ ይዞ ይገባል። ስለዚህ የማታ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቅባት የጠጣ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም አንሶላ እሳት ሲነካው ቶሎ ይያያዛል፤ ታጥቦም ቅባቱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ይሄ የቫዝሊን ብቻ ሳይሆን የክሬሙም የሎሽኑም ነገር ነው። ተቀብቶ ከሰል አጠገብ ቡና ማፍላት፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርቶ አልጋ ላይ መጋደም፣ እባካችሁ ይቅር።

ሎሽን በተቃራኒው ቀለል ይላል። ውሃው ብዙ ነው፣ ቶሎ ይሰርጋል፣ ለቀን ይመቻል። ግን ቶሎ ይለቃል፤ በቀን ሁለት ሦስቴ መድገም ያስፈልጋል። ክሬም በመካከል ነው፦ ከሎሽን ይወፍራል፣ እንደ ቫዝሊን አይጣበቅም። በጀርባው ከተጻፉት መካከል ግሊሰሪን ከላይ ካሉት ስሞች ውስጥ ቢሆን ጥሩ ምልክት ነው። «ፓርፊዩም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል ካለ ይለፋችሁ።

አክስቴ ፋርማሲ ገብታ ጠርሙሱን እያገላበጠች «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሽታ አለው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ልጅቷ «የለውም እማዬ፣ ግን ላንብብልዎት» ብላ ጀርባውን አዙራ አነበበች። ሽቶ ተጽፎበት ተገኘ። አሸተውት የማይሸት ነገር ሽቶ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ አስነብቡ፤ ማፈር የለም።

ዋጋ ስታነጻጽሩ የጠርሙሱን ሳይሆን የሳምንቱን አስቡ። አንድ አዋቂ ሰው ሙሉ ገላውን አንዴ ለመቀባት ወደ 30 ግራም ይፈጃል። በቀን ሁለቴ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር ሁለት ቀን አይሞላም፣ 400 ሚሊ ሊትሩ ሳምንት ገደማ ይቆያል። ያቺ ትንሽ ውድ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ አትሆንም። ርካሹ ትልቁ፣ ሽቶ እስከሌለው ድረስ፣ ይበልጣታል።

የእቃውም ነገር አለ። ኬሞ ነጭ የደም ሴል ሲያወርድ ኢንፌክሽን ይቀላል። ጣት የሚነከርበት ሰፊ አፍ ያለው እቃ ጀርም ይሰበስባል። ተጨምቆ ወይም ተጭኖ የሚወጣውን ምረጡ። ሰፊውን ከገዛችሁ በንጹሕ ማንኪያ አውጡ፤ የቤተሰቡ ሁሉ እጅ አይግባበት።

ግሊሰሪን ርካሽና ጥሩ ነው፣ ውሃ ይስባል። ነገር ግን በደረቅ አየር ብቻውን ወፍሮ ሲቀባ ውሃውን ከራሱ ከቆዳው ሊስብ ይችላል። እርጥብ ቆዳ ላይ ጥቂት ጠብታ፣ ከላዩ ቫዝሊን ስስ አድርጎ። ሎሚው ይቅር፤ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ይብሳል።

ዩሪያ እርጥበት የሚይዝና ቆዳ የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር ነው። ዩሪያ ያለበት ክሬም ዋጋው ከፍ ይላል፣ ዳርቻ ላይ ባሉ ፋርማሲዎች ሁልጊዜ አይገኝም። ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። እንደ ካፔሲታቢን ያሉ የኬሞ ክኒኖች መዳፍንና ውስጥ እግርን ሲያቀሉና ሲልጡ ግን 10 በመቶ ዩሪያ ዋጋውን ያወጣል። ቁጥሩን እዩ፦ 5 እና 10 በመቶው ያለሰልሳል፣ ከ20 በላይ ያለው የጠነከረ ቆዳ ያነሳል። ንቃቃት ላይ ይለበልባል።

ቅቤና የምግብ ዘይት ለጸጉርም ለገላም የኖርንበት ነው። ያልተነጠረ ቅቤ ግን በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ፣ አቅም ባነሰው ሰውነት ላይ፣ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችን ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዶቹ ሜርኩሪም ያለባቸው ናቸው።

በጀቴ ትንሽ ነው ለሚል የኔ ምርጫ ይሄ ነው፦ ለቀን ሽቶ የሌለው ግሊሰሪን ያለበት ትልቅ ሎሽን፣ ለማታ ተረከዝ፣ ክርንና ከንፈር ላይ ተራ ቫዝሊን። ዩሪያውን ሐኪም ካለ ብቻ።

ጨረር ላይ ላሉ ነገሩ ይለያል። ቅባት በጣም አወፍሮ ተቀብቶ ጨረር መግባት ቆዳው ላይ የሚያርፈውን የጨረር መጠን ሊጨምር ይችላል። ለጨረሩ ቆዳ ላይ የተሰመረውም ምልክት እንዳይለቅ መጠንቀቅ ነው። በዚያ ቦታ ላይ ምን፣ መቼ እንደሚቀባ ጨረሩን የሚሰጠው ክፍል ይወስን።

ቆዳው ውሃ ከቋጠረ፣ ፈሳሽ ከወጣው፣ ቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ቅባት መቀያየሩን ተዉትና በዚያው ሰዓት ወደሚታከሙበት ሆስፒታል ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን።