ቫል-ኦ-ማት፦ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አንድ ትልቅ ነገር ግን ይጎድለዋል

ጀርመን ውስጥ የመምረጥ መብት ያገኘሁት ዜግነት ከወሰድኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ድምፄን በዘፈቀደ መስጠት አልፈልግም። ምርጫ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምከፍተው ቫል-ኦ-ማትን ነው፤ የእናንተን አቋም ከፓርቲዎቹ አቋም ጋር የሚያወዳድር የኢንተርኔት መጠይቅ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ክፍያም ምዝገባም የለውም። 38 ሐሳቦች ተራ በተራ ይመጡላችኋል፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም ወይም ገለልተኛ ነኝ ትላላችሁ። መጨረሻ ላይ ከየፓርቲው ጋር ምን ያህል እንደምትቀራረቡ በመቶኛ ያሳያችኋል። ከ2002 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የፌዴራሉ የፖለቲካ ትምህርት ማዕከል ነው።

በጣም የምወድለት ነገር መልሱን የሚሰጡት ፓርቲዎቹ ራሳቸው መሆናቸውን ነው። መድረክ ላይ «ሕዝቡን ከልሂቃኑ እናድናለን» እያለ የሚጮህ ፖለቲከኛ እዚህ ሲመጣ መፈክሩ አይሠራለትም። የቤት ኪራይ ገደብ ይቀጥል ወይስ ይቅር? በአውቶባኑ (በፈጣን አውራ ጎዳናው) ሁሉ የፍጥነት ወሰን ይኑር ወይስ አይኑር? አቋሙን መናገር አለበት። ምክንያቱንም በአጭሩ ይጽፋል። እኔ ከመቶኛው ይልቅ እነዚያን ማብራሪያዎች ነው የማምናቸው።

ለትንንሽ ፓርቲዎችም አሁን ይሻላል። ድሮ በአንዴ ከስምንት ፓርቲ በላይ ማወዳደር አይቻልም ነበር። በ2019 ቮልት የተባለው ትንሽ ፓርቲ በዚህ ገደብ ምክንያት ከሶ የኮሎኝ ፍርድ ቤት አገልግሎቱን አገደው፤ በኋላ በስምምነት ተመለሰ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። በ2025 ምርጫ ሰሞን አብራኝ የምትሠራ ወጣት ውጤቷን አሳየችኝና «በቃ፣ አንደኛ የወጣውን ልምረጥ?» አለችኝ። ገጹ ራሱ የምርጫ ምክር አይደለሁም ይላል፤ ቁጥሩ ግን ያሳምናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሕዝበኝነት (ፖፑሊዝም) ዋናው አደጋ «እውነተኛው ሕዝብ እኛ ብቻ ነን» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ይህ ከ38ቱ ሐሳቦች ውስጥ የለም። ፓርቲው ፍርድ ቤት ሲፈርድበት ይቀበላል? ሲሸነፍ ሥልጣን ይለቃል? ብንጠይቀውም ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። በኪራይና በግብር መቶ በመቶ ከእናንተ ጋር የሚስማማ ፓርቲ የዴሞክራሲን ሕግ ሊንቅ ይችላል።

ነባሮቹን ፓርቲዎችም ዝም ብዬ አላልፍም። በዚያው ምርጫ መንግሥት የሚበደረውን የሚወስነው የዕዳ ገደብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይቀጥል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የወግ አጥባቂዎቹ የሲዲዩና የሲኤስዩ ኅብረት «እስማማለሁ» አለ። ምርጫው አለፈ። ማርች 18 ቀን 2025 ተሰናባቹ ቡንደስታግ (የጀርመን ፓርላማ) በእነሱ ድምፅ ጭምር ገደቡን አላላው፣ ለ500 ቢሊዮን ዩሮ ፈንድም በር ከፈተ። ለመከላከያና ለመሠረተ ልማት ገንዘብ ማስፈለጉ ይገባኛል። ግን መራጩን ከሳምንታት በፊት ሌላ ነገር ነግረውታል። «ሁሉም ያው ናቸው» ብሎ ለሚሰብክ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። አማራጭ ለጀርመን (ኤኤፍዲ) የተባለው ሕዝበኛ ፓርቲ በዚያ ምርጫ 20.8 በመቶ አግኝቷል፤ በ2021 ያገኘው 10.3 ነበር። ሰው እንዲህ ሲሸሽ እያዩ በቃላቸው አለመጽናታቸው ያናድደኛል፣ ያሳስበኛልም።

ስለዚህ ማዕከሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከፓርቲው መልስ ጎን ባለፈው የምክር ቤት ዘመን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ይታይ። መረጃው አለ። ቡንደስታግ እያንዳንዱ ተወካይ በስም የሰጠውን ድምፅ በድረ ገጹ ያወጣል። እስከዚያው ለባልደረባዬ ያልኳትን ለእናንተም እላለሁ፦ ከላይ የወጡትን ሁለት ሦስት ፓርቲዎች ያዙ፣ ማብራሪያቸውን አንብቡ፣ ከዚያ ቡንደስታግ ገጽ ላይ ሄዳችሁ የሰጡትን ድምፅ ፈትሹ።