ኪራይ ቤት ለምትኖሩ፦ ማዘርን ላስተዋውቃችሁ

ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶች። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ አያት፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ያላችሁም ጭምር፣ ይቺን አንብቡልኝ። የማመሰግናቸው እናት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ሰፈሩ በሚጠራቸው ልጥራቸው፦ ማዘር።

ባለፈው ሰኔ በእኛ ብሎክ ስልኩ ተራ በተራ ይደወል ጀመር። "ከሐምሌ ጀምሮ 13,000 ነው፤ ካልሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ።" እኔ ለባለ አንድ መኝታ የምከፍለው 8,500 ነበር። አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ሦስት ልጆች ይዛ በወር ውስጥ ልቀቂ ተባለች። ከጀርባው ያለው ደላላ አንድ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ አከራይ ጋ እየደወለ "ለአዲስ ሰው ብታደርጉት እንዲህ ያወጣል" እያለ ያሟሙቃል፤ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ኮሚሽኑን ያነሳላ! እኛ ደግሞ መሃል ከተማውን ለቀን እዚህ ድረስ የወጣነው ኪራይ ሸሽተን ነው። ውሃውን በፈረቃ፣ የመገናኛን ታክሲ በሰልፍ የቻልነው ቤቱ ረከስ ይላል ብለን ነው። ከዚህ ወዲያ የት ይኬዳል?

ለብሎኩ ኮሚቴ ነግረን ነበር። ኮሚቴው ግን የባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ተከራይ ድምፅ የለውም። ለጥበቃና ለደረጃ ጽዳት ሲዋጣ በራችን ይንኳኳል፤ ስብሰባ ሲጠራ "ባለቤት ይምጣ" ይባላል። ስለዚህ ለወረዳ አቤቱታ እናስገባ ተባባልንና ለማስጻፍ ማዘር ጋ ሄድን።

ማዘር ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው "ውላችሁን አምጡ" አሉን። ከመካከላችን የጽሑፍ ውል ያለው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የስድስት ወር። "እንግዲያው አቤቱታ አልጽፍም፤ ብራችሁን በከንቱ አልበላም" ብለው ከጠረጴዛው መሳቢያ ነጋሪት ጋዜጣ አወጡ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፤ ምክር ቤቱ መጋቢት 2016 ያጸደቀው። ብዙ እጅ የነካው ወረቀት ስለሆነ ጠርዙን በፕላስተር ይዘውታል፤ የአማርኛው ዓምድ በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው አነበቡልን እንጂ በቃላቸው አልነገሩንም። "እኔን አትመኑ፤ የተጻፈውን እዩ" ይላሉ።

ያነበቡልንን ላካፍላችሁ፤ ብዙ ሰው አሁንም አያውቀውም። የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ውሉ ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ተረጋግጦ ይመዘገባል። ለዚህ ውልና ማስረጃ ድረስ የሚሄድ ሰው አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ምዝገባው ወረዳ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ "የስድስት ወር ካልከፈልክ ቁልፍ የለም" የተባላችሁ ይቺን ያዙ። ኪራይ በባንክ ወይም በሕጋዊ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ በእጅ አይደለም። ጭማሪም አከራዩ በተነሳበት ቀን የሚያውጀው ሳይሆን መንግሥት የሰየመው ተቆጣጣሪ አካል በዓመት አንዴ በሚያሳውቀው ልክ ነው።

ማዘርን ከሌላው ማመልከቻ ጸሐፊ የሚለያቸው ግን ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። "አንድ አንድ እያላችሁ አትምጡ፤ አንድ ሰው ሲመጣ ጠበኛ ይባላል። ሰብሰብ በሉ" አሉን። የሴቶቹ ዕቁብ እሑድ ከሰዓት የጋራ መጠቀሚያው ውስጥ ስለሚጣል እዚያው ተሰበሰብን። ማዘር መዝገብ ይዘው መጡ። ስንት ትከፍላለህ፣ በምን ትከፍላለህ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ማነው፣ ባለቤቱ የት ነው? ቤት በቤት ጠየቁ፤ ጻፉ። የሦስት ወር ኪራይ ያልከፈለ አንድ ወንድማችን ነበር። ሰው ሁሉ ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠርተው "አንተ መጀመሪያ ዕዳህን ጨርስ፤ አዋጁ ላልከፈለ ጋሻ አይሆንም" አሉት። ሴቶቹ የዚያን ሳምንት ዕጣ ለእሱ እንዲሆን ተስማሙ፤ ከፈለ። ይሄ ባይሆን ኖሮ አከራዮቹ የእሱን ስም ይዘው ሁላችንንም ዕዳ በላተኛ ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ለአከራዮቹ የተጻፈው ደብዳቤ "ለተከበሩ አከራያችን" ብሎ የሚጀምር፣ ዛቻ የሌለው ነው። እኛ ያስገባነውን "በሕግ እንጠይቃለን" የሚል ዐረፍተ ነገር ማዘር ሰረዙት። "ይሄ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፤ አሁን ካስገባችሁት በሩን በራሳችሁ እጅ ዘጋችሁት።" የእኔ አከራይ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ ጡረታቸው አልበቃ ብሎ በኪራዩ የሚኖሩ። ማዘር ሱቃቸው ጠርተው ቡና አፍልተው አነጋገሯቸው። ውል የፈሩት የኪራይ ገቢ ግብሩን ነው። "ውሉ ላይ 5,000 ይጻፍ፤ ቀሪውን በእጅ ይስጠኝ" አሉ። ማዘር እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ። "እትዬ፣ አንድ ቤት ሁለት ዋጋ የለውም። እኔ ይሄን አልመታም፤ እርስዎንም ነገ የሚያስጠይቅ ነው።" ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ በነበረው ዋጋ ለሁለት ዓመት ፈረምን። አከራዬም ቢሆኑ ሳይደሰቱ ቢፈርሙም፣ ኪራዩ በየወሩ መጀመሪያ ሳይጠይቁ ባንክ መግባቱን ወደውታል።

የአራተኛ ፎቋ ጉዳይ ከበድ ያለ ነበር። ቤቱን "የኔ ነው" ብሎ ኪራይ የሚቀበላት ሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍ የሚቀይር ሠራተኛ ይዞ ከች አለ። ልጆቹ እየሮጡ ማዘርን ጠሯቸው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ አራት ፎቅ ወጥተው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ "ልጄ፣ ውክልናህን ታሳየኛለህ?" የለውም። የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ያለች የሚስቱ እህት ናት፤ የተሰጠው ቁልፍ እንጂ ውክልና አይደለም። ሰውየው ሲቆጣ ማዘር ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ለሠራተኛው ዞረው "አንተም ልጄ፣ ባለቤቱ ሳይታወቅ የሰው ቤት ቁልፍ ብትፈታ የምትጠየቀው አንተ ነህ" አሉት። ሠራተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ወረደ። ማታ ባለቤቷ በስልክ ስትገኝ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ እሷ ጋ የሚደርሰው 6,000 ነው፤ ጎረቤቴ የምትከፍለው 8,000። ጭማሪ መጠየቁን ጭራሽ አልሰማችም። አሁን በኤምባሲ በኩል ለሌላ ዘመዷ ውክልና ልካ፣ ውሉ ተፈርሞ ተመዝግቧል።

ሁሉም አልተሳካም፤ ለምን እዋሻለሁ። አንዱ አከራይ እስከ ዛሬ አልፈርምም እንዳለ ነው፤ ጉዳዩ ወረዳ ላይ ነው። አንድ ቤተሰብም ጭቅጭቁ መርሮት ወጥቶ ሄዷል። እንደ እኔ እንደ እኔ አዋጁ ጥሩ ነው፤ ጉልበቱ ግን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ሰው ብዛት ላይ ነው። ወረዳ አንድ ተከራይ ሲገባና የአንድ ብሎክ ተከራይ ዝርዝርና ደረሰኝ ይዞ ሲገባ መስተንግዶው ይለያያል፤ አይተነዋል።

አሁን በየብሎኩ አንድ ተጠሪ አለን፤ የቴሌግራም ግሩፕም ከፍተናል። ውል የሌላቸውን ቤቶች እየመዘገብን ነው። ለኮሚቴውም ድምፅ ባይኖረን እንኳ በስብሰባው ላይ አንድ ተከራይ ተቀምጦ ይስማ ብለን ጽፈናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። ማዘር ካስያዙን ልማድ ሁሉ ግን የሚጠቅመኝ ትንሿ ናት፦ ኪራይ በንግድ ባንክም በቴሌብርም ስትልኩ ምክንያቱ ላይ "የጥቅምት ኪራይ" ብላችሁ ከነብሎክ ቁጥሩ ጻፉ፤ ባዶውን አትላኩ። ደረሰኙን አትማችሁ በአንድ ክላሰር አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰረቃልም።

ወደ ማዘር ስትሄዱ የሁለታችሁን መታወቂያ ቅጂ፣ የአከራዩን የባለቤትነት ሰነድ ቅጂ፣ የሚፈርመው ባለቤቱ ካልሆነ ደግሞ ውክልናውን ያዙ። ያለ ውክልና ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል፤ አትቀየሟቸው። ውል ለማዘጋጀት 150 ብር ይቀበላሉ፤ ልቀቅ የተባለ ሰው ከሆነ አይቀበሉም፤ ብትለምኗቸውም እምቢ ነው። አንድ ጉድለት አላቸው፤ ይቆጣሉ፤ በተለይ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ካዩ። ፕሪንተራቸውም ዘገምተኛ ነው። ከወረዳው በር ወደ ታክሲ ማዞሪያው ስትወርዱ በስተግራ ያለችው አረንጓዴ ላሜራ ሱቅ ናት። ሰኞ ጠዋት ወረፋ ስለሚበዛ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ሂዱ። መብራት የለም ብላችሁም አትመለሱ፤ በካርቦን በእጃቸው ይጽፉላችኋል፤ ጽሑፋቸው ደግሞ ከፕሪንተሩ የበለጠ ይነበባል።