ለቡቺ እከክ የት የት ሄድን

ለገና አዲስ አበባ ስገባ የእማዬ ውሻ ቡቺ እንደ ድሮው ሮጦ አልተቀበለኝም። በር ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ይፎክታል። የጆሮው ጫፍ ፀጉር የለውም፣ ቆዳው እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጥቋል፣ ክርኑና ሆዱም እንደዚያው። እማዬ "ብርድ ነው" ትላለች። በረኪና በውሃ በጥብጣ አጥባው ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። ግቢውን የሚጠብቁት ጋሼ ደግሞ የተቃጠለ የመኪና ዘይት እንቀባው እያሉ ነበር። እንኳን ደረስኩ! ውሻ የቀባችሁትን ሁሉ ይልሳል፣ ዘይቱ ሆዱ ውስጥ ነበር የሚገባው።

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ ላይ ስንቱን ቀን ለውሻ እንዳዋልኩ ዘመድ ሲሰማ ይስቃል። እናት ቤት ውሻ ላላችሁ ግን ይኸው፣ የሞከርኳቸውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈር ውስጥ ያለ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ነው። ልጁ ትሁት ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ውሻውን ሳያይ፣ ኪሎውን ሳይጠይቅ፣ የበሬና የበግ ስዕል ያለበት የአይቨርሜክቲን፣ ማለትም የተባይ መድኃኒት፣ ጠርሙስ አወጣልኝ። "ትንሽ ብቻ ስጪው" አለኝ። ትንሽ ስንት ነው? ይሄ ለከብት የተዘጋጀ ነው፤ ለውሻ ትንሽ ሲያልፍ መርዝ ይሆናል። ኮሊ የሚባሉት የበግ እረኛ ውሾችና ዘመዶቻቸውማ ብዙዎቹ ከዘራቸው የወረሱት ነገር ስላለ መድኃኒቱ አንጎላቸው ይገባል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ቡቺ የሀበሻ ውሻ ነው፣ ልጁ ግን ይህን በምን አወቀ? ሳልገዛ ወጣሁ።

ሁለተኛው ክሊኒክ ነው። ለመድረስ ሦስት ታክሲ "ውሻ አልጭንም" ብሎ ጥሎን ሄዶ አራተኛው ወንበሩ ላይ ላስቲክ አንጥፎ ወሰደን፣ እሱንም ጨምረን ከፍለን። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሻይ ሁሉ አለ። ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ "አለርጂ ነው" አለና መርፌ አዘዘለት። ሁለት ቀን ደህና ሰነበተ። በሦስተኛው ሌሊት ሲፎክት አላስተኛንም። ለካ የተወጋው ስቴሮይድ ኖሯል፤ ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ እከኩን የሚያመጣውን ተባይ አይነካውም፣ እንዲያውም የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክም ይመቸዋል። ሂሳቡ ዲያስፖራ መሆኔን ያወቀ ይመስላል።

ሦስተኛው ቤት ድረስ የሚመጣ ወጣት ሐኪም ነው፣ ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረ። ሁለት ሰዓት ተኩል አርፍዶ መጣ፣ ስልክ እንኳ አልደወለም፤ በዚህ ነጥብ እቀንስበታለሁ። ግን ገና ከመግባቱ የቡቺን ጆሮ ጫፍ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት ሲያደርገው የኋላ እግሩ በራሱ ጊዜ አየሩን መፎከት ጀመረ። እኛ ሳቅን፣ እሱ አልሳቀም። "እከክ ነው የምጠረጥረው" አለ። ከዚያ ምላጭ አወጣ፣ ዘይት ጠብ አደረገና ክርኑን ደም እስኪያዥ ፋቀው፣ የፋቀውን መስታወት ላይ አድርጎ ይዞ ሄደ። ማታ ከማይክሮስኮፕ ያነሳውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ፦ ክብ፣ እግሯ አጫጭር፣ ኤሊ የምትመስል ነገር፣ የእከኩ ተባይ። ባናገኛትም አክመው ነበር አለኝ፣ ቆዳ ቆፍራ ስለምትገባ ብዙ ጊዜ በፍቂያ አትገኝም።

ለካ ሌላም ታካሚ ነበረን። ያን ቀን ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ "እናቴ፣ እርስዎንስ አያሳክክዎትም?" አላት። እማዬ ዝም። ቆይታ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ክንዷን አሳየችው፣ ቀያይ ሽፍታ። ስንት ቀን ደብቃናለች! የውሻው ተባይ ሰው ላይ አይራባም፣ ውሻው ሲድን ይጠፋል፣ ካልጠፋ ግን ሐኪም ቤት ይሂዱ አላት። ቀለል አላት መሰለኝ፣ ቡና አፈላች።

በማግስቱ ቡቺን አቅፌ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ የኔ ሲቀነስ 14 ኪሎ። እናም የሰጠው ያንኑ የሱቁን አይቨርሜክቲን ነው! ግን በቀጭን ሲሪንጅ፣ መስመር ቆጥሮ፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ ሳይሞላ፣ ከቆዳው ሥር። ከ14 ቀን በኋላ ይደገማል አለ። የሚተኛበት ጆንያ ይቃጠል፣ በአጥር ሾልካ የምትመጣው የጎረቤት ውሻም አብራ ትታከም፣ አለዚያ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ጎረቤታችንን ማሳመኑ ከመርፌው በላይ ጊዜ ወሰደ። ሂሳቡ ለሁለቱም ውሻ ከክሊኒኩ ግማሽ አይሞላም። ቴሌብር ስለሌለኝ በአክስቴ ልጅ ስልክ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ግን የለም፣ አትጠብቁ።

ሁለተኛውን መርፌ ልሳፈር ዋዜማ ወጋው። ጆሮው ላይ ለስለስ ያለ ፀጉር ጀማምሮለት ነበር። ትናንት ስደውል እማዬ ስለኔ ደህንነት ሳትጠይቅ በፊት የነገረችኝ፣ ቡቺ አዲሱን ምንጣፍ ጎትቶ ከበር አውጥቶ ጥሎ፣ ጆንያውን ፍለጋ ግቢውን ሲያስስ መዋሉን ነው።