ለስትራስበርግ ባቡር ሠራተኞች ምስጋና፣ ልጆች ላሏችሁ ቤተሰቦችም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁም። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ለማመስገንና ለመጠቆም ነው። የማመሰግነው ፔንሲልቬኒያ ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ የሚገኘውን የስትራስበርግ ባቡር ድርጅት ሠራተኞችን ነው። የምጠቁማችሁ ደግሞ በዲሴምበር ወር ለቤተሰብ የሚያዘጋጁትን የገና ባቡር ጉዞ ነው።

ምስጋናዬ እንዲገባችሁ ስለ ትንሹ ልጄ ልንገራችሁ። ድንገተኛ ድምጽ በጣም ይፈራል። የጭማቂ መፍጫ ሲነሳ ከኩሽና ሮጦ ይወጣል። የእሳት አደጋ መኪና ሲያልፍ ጆሮውን ይዞ ቁጢጥ ይላል። ባቡር ግን ነፍሱ ነው። የሚያየው ባቡር፣ የሚስለው ባቡር፣ ታቅፎት የሚተኛውም ባቡር ነው። ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ነገር ከሁሉ አስበልጦ የሚፈራውን ድምጽ ያወጣል። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ጭንቀቱን ታውቁታላችሁ።

ከዚህ በፊት በገና ሰሞን አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ከገና አባት ጋር ፎቶ እንዲነሳ ወስደነው ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ፎቶ አንሺዎቹ ይጣደፋሉ። ልጁ ማልቀስ ሲጀምር "ቀጣይ!" ተባለና ገንዘባችንን ከፍለን ወጣን። ከዚያ በኋላ ለገና የሚዘጋጅ ነገር ሁሉ አስጠላኝ። ታላቅ እህቱ ግን ምን አጠፋች? እሷም ልጅ ናት፣ እሷም የጓደኞቿን ወሬ ትሰማለች።

ስለዚህ የስትራስበርግን ባቡር ስሰማ ትኬት ከመቁረጤ በፊት ደወልኩ። ስልኩን ላነሳችው ሠራተኛ የልጄን ነገር ነገርኳትና ባቡሩን ከሚጎትተው ሎኮሞቲቭ በጣም የራቀ ፉርጎ ጠየቅኳት። "የመጨረሻው ፉርጎ ለእናንተ አይሆንም" አለችኝ። ምክንያቱን ስትነግረኝ ይህች ሴት ሥራዋን ታውቃለች አልኩ። ባቡሩ መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሎኮሞቲቩ ይፈታል። በጎን ባለው ሀዲድ ዞሮ ይመጣና በሌላው ጫፍ ይቀጠላል። ስትሄዱ የመጨረሻ የነበረው ፉርጎ ስትመለሱ ከሎኮሞቲቩ ጋር የተያያዘ ይሆናል ማለት ነው። "መሃል ያዙ። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ትርቃላችሁ" ብላ ቦታችንን እዚያው አስተካከለችልን። የልጁን የጆሮ መሸፈኛም እንዳልረሳ አሳሰበችኝ። ስሟን አልያዝኩም። ይህን ጽሁፍ የሚያነብላት ሰው ካለ ምስጋናዬን ያድርስልኝ።

ስለ ባቡሩ ትንሽ ልበላችሁ፣ ምክንያቱም ተራ የመዝናኛ ፓርክ ባቡር አይደለም። ድርጅቱ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1832 ነው። እስከ ዛሬም የሚሠራው ያኔ በተሰጠው የመቋቋሚያ ፈቃድ (ቻርተር) ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊዘጋ ሲል ባቡር የሚወዱ የአካባቢው ሰዎች ተሰባስበው ገዙት፣ ከ1959 ጀምሮም ጎብኚ ማመላለስ ጀመረ። መስመሩ አጭር ነው። ከስትራስበርግ ተነስቶ ፓራዳይዝ በምትባል መንደር አጠገብ እስካለው ሊማን ፕሌስ ድረስ ከአምስት ማይል ያነሰ ነው። ደርሶ መልስ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለትናንሽ ልጆች ከዚህ የተሻለ ርዝመት ያለ አይመስለኝም። ሳይሰለቹ ያልቃል።

ሎኮሞቲቩ እውነተኛ የእንፋሎት ነው። የድንጋይ ከሰል እየነደደ፣ ውሃ እየፈላ ነው የሚሄደው። እኛን የወሰደን ቁጥር 90 ነበር። በ1924 ፊላደልፊያ ውስጥ ባልድዊን በሚባል የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ የተሠራ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ስኳር የሚወጣበትን ቀይ ሥር የመሰለ ተክል፣ የስኳር ቢት የሚሉትን፣ ሲጎትት ኖሮ ነው እዚህ የመጣው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ልጄ ነው። ከመሄዳችን በፊት በቃሉ ይዞታል።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። የፉርጎአችን ኮንዳክተር አዛውንት ናቸው። ጥቁር ኮት፣ ባለ ምልክት ቆብ፣ ሰንሰለት ያለው የኪስ ሰዓት። ልጄ ገና መሳፈሪያው ላይ ሳለን ሎኮሞቲቩ እንፋሎት ሲተፋ አይቶ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀ። ሰውዬው አዩት። "አይዞህ፣ ምንም አይደል" ብለው አላለፉም። ይህን ሁሉም ሰው ይለዋል፣ ልጁም አያምነውም። እሳቸው ጉልበታቸውን አጥፈው በቁመቱ ልክ ሆኑና ቁም ነገር ያወሩት ጀመር።

ባቡር ዝም ብሎ አይጮኽም አሉት። ባቡር መንገድ ሊያቋርጥ ሲል መኪኖችን ያናግራል። የሚናገረው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም። አሜሪካ ውስጥ ባቡር መኪና ወደሚያልፍበት ማቋረጫ ሲቃረብ በአብዛኛው ቦታ የሚያሰማው ይህንኑ ነው፣ ሕግ ነው። የመጨረሻው ረጅም የሚቆመው ሎኮሞቲቩ መንገዱ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ እርሳስ አወጡና በወረቀት ላይ ሳሉለት። ረጅም መስመር፣ ረጅም መስመር፣ አጭር፣ ረጅም። "ይህ ያንተ ነው፣ ልክ መጮኹን ተቆጣጠርልኝ" ብለው ሰጡት።

እናት ብትሆኑ ምን ይሰማችኋል? እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጄ የሚፈራው ድምጹን ብቻ አይደለም፣ መቼ እንደሚመጣ አለማወቁንም ነው። እኔ ራሴ ይህን ለአስተማሪዎቹ ለማስረዳት ስንት ደክሜያለሁ። ሰውዬው ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው።

በጉዞው ላይም አልረሱትም። ፉርጎው ውስጥ ትኬት እያዩ ሲዘዋወሩ ማቋረጫ ሲቃረብ ጣታቸውን ከፍ ያደርጉለት ነበር። እሱ ጆሮ መሸፈኛውን በሁለት እጁ ይጫንና ወረቀቱን ያያል። ጩኸቱ ይመጣል። ከንፈሩ ሲቆጥር አያለሁ። የጆሮ መሸፈኛውን አላወለቀም። ግን አላለቀሰም፣ እንሂድ አላለም፣ አልተደበቀም። ሊማን ፕሌስ ደርሰን ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ በመስኮታችን አጠገብ ሲያልፍ ደግሞ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነበር።

የገና አባትም ወደ ሰው ይመጣል እንጂ ሰው እሱ ዘንድ አይሰለፍም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ወላጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው፣ እሱ ከፉርጎ ፉርጎ እየዞረ እያንዳንዱን ልጅ ያናግራል፣ ትንሽ ስጦታም ይሰጣል። ኮንዳክተሩ ቀድመው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት መሰለኝ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ድምጹን ዝቅ አደረገ። እንደ ፊልሙ ሳቁን አላንባረቀውም። ልጄን ምን ስጦታ እንደሚፈልግ ከመጠየቁ በፊት "ጩኸቱ እስካሁን ልክ ነው?" አለው። ልጄ ራሱን ነቀነቀ። ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲህ ሲነጋገር ማየት ለኛ ብርቅ ነው። ታላቅ እህቱ ደግሞ የልቧን ሁሉ ዘረገፈችለት፣ ሌላው ቤተሰብ ተራውን በትዕግሥት ጠበቀ።

እናቴም አብራን ነበረች። ድሬዳዋ ከዚራ ነው ያደገችው። አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እንደ እናቴ ላለ የድሬ ልጅ ባቡር የቤት ወሬ ነው። የፉርጎው ደረጃ ከፍ ስለሚል ጉልበቷ እንዳያስቸግራት ሠጋሁ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ሳንጠይቀው የእንጨት መርገጫ አመጣና ክንዷን ደግፎ አወጣት። ፉርጎው ውስጥ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ስለነበር እሱ አጠገብ አስቀመጣት። እዚያ ሆና ለልጆቹ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ስትጓዝ አዋሽ ጣቢያ ቡፌው ጋ ወርደው እንዴት ይበሉ እንደነበር ስታወራላቸው ነበር። አሜሪካ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ዘና ብላ አላየኋትም። ለዚያ ልጅም ምስጋናዬ ይድረሰው፣ ያሳደገችው እናት ትባረክ።

አንዳንዶቻችሁ የፈረንጅ ገና ምናችን ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። እኛም ቤት ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ቅዳሴውም ዶሮውም ያኔ ነው። ዲሴምበር የነቢያት ጾም ላይ ይውላል። እኔ ይህን ጉዞ የወደድኩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ዋናው ነገር መሳፈሩ ስለሆነ የምግብ ጣጣ የለበትም። እናቴ ዳቦ ቆሎዋን በቦርሳዋ ይዛ ሄደች፣ ለሰው ሁሉ አደለች፣ ኮንዳክተሩም ዘግነው ወሰዱ። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሳይለዩ የራሳቸውን በዓል ደግሞ በጉጉት ጠበቁ።

መንገዱን በተመለከተ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። እኛ በባልቲሞርና በዮርክ አድርገን ነው የሄድነው። የቅዳሜና እሁድ ትኬት ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ዲሴምበር እስኪገባ አትጠብቁ። ዋጋው እንደምትይዙት ፉርጎ ዓይነት ይለያያል። ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ልጆች ከመሳፈራቸው በፊት ሎኮሞቲቩን ቆመው ቢለምዱት በጣም ይረዳል፣ የኛን ልጅ ረድቶታል። ከጣቢያው ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግራችሁ የፔንሲልቬኒያ የባቡር ሙዚየም አለ። ከ100 በላይ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ስላሉት ባቡር ወዳድ ልጅ ካላችሁ ግማሽ ቀን ያዙለት።

አካባቢው የአሚሾች፣ ማለትም እንደ ድሮው ኑሮ የሚኖሩ የክርስቲያን ማኅበረሰብ፣ አገር ነው። በመስኮት እርሻቸውንና በፈረስ የሚሄዱበትን ጋሪ ታያላችሁ። እናቴ "ይሄማ የኛው ጋሪ ነው" ብላ ለልጆቹ አሳየቻቸው። ብቻ ፊታቸውን ፎቶ አታንሱ፣ እምነታቸው ስለማይፈቅድ ቅር ይላቸዋል። እሁድ ሱቆቻቸው ዝግ ናቸው፣ ዳቦና ጃም መግዛት የምትፈልጉ ቅዳሜ ሂዱ።

ቤታችን አቅራቢያ የጭነት ባቡር የሚያልፍበት ሀዲድ አለ። ድሮ ማታ ሲጮኽ ልጄ አልጋችን ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን ከክፍሉ "ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም" ሲል እሰማዋለሁ። ስንት ባለሙያ ጋ ስመላለስ የኖርኩበትን ነገር አንድ የባቡር ሠራተኛ በእርሳስ ጀመሩልኝ። ይህን ለድርጅቱም በደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፣ ለአለቆቻቸው እንዲደርስ።

ድምጽ፣ ሰው መብዛት ወይም ጨለማ የሚከብደው ልጅ ያላችሁ፣ ወይም እንደኔ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወላጆች ይዛችሁ የምትሄዱ፣ በኢንተርኔት ብቻ ትኬት አትቁረጡ። ደውሉና ንገሯቸው። መሃል ያለውን ፉርጎ ጠይቁ።

ስልኩን ላነሳችው እህት፣ እናቴን ደግፎ ላወጣው ወጣት፣ ድምጹን ዝቅ ላደረገው የገና አባት፣ ከሁሉም በላይ ለእኚያ አዛውንት ኮንዳክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።