ኮምፒውተራችሁ ቀን እየረሳ ያስቸገራችሁ የጅማ ሰዎች፣ ይሄ ልጅ ሳያያት እንዳትጥሏት

ሰላም የጅማ ሰዎች እንዴት ናችሁ፣ እኔ እንዲህ አይነት ነገር ጽፌ አላውቅም ግን ልጁን ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍም አይወስደኝ ስለዚህ ቢረዝምም ታገሱኝ።

ከዩኒቨርሲቲው ብዙ ሳይርቅ ትንሽ የታይፕና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቤቷን ቀጥ አድርጋ የያዘቻት አንዲት አሮጌ ዴስክቶፕ ናት። ወንድሜ ከሀገር ከመውጣቱ በፊት አዲስ አበባ ያገለገለ ገዝቶ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ስክሪኑን ጭኑ ላይ አቅፎ ነው ያመጣልኝ፣ እግሩ ደንዝዞ መናኸሪያ ላይ መውረድ አቅቶት ስንስቅበት አሁን ድረስ ትዝ ይለኛል። እና አሮጌ ናት ጣያት ሲሉኝ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ፋሲካ አካባቢ ነው። ጠዋት ስከፍታት ጥቁር ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ትደረድርና ኤፍ ዋን ተጫኚ ትላለች፣ እጫናለሁ ትገባለች። ቀኑን ሳየው ጃንዋሪ 1 2009! አስተካክላለሁ፣ በነጋታው ያው ናት። ምንም አይደል ብዬ ተውኩት። በኋላ ግን ኢሜይል አልከፍትም ማለት ጀመረች፣ ተማሪው ፋይሉን ኢሜይሉ ላይ አድርጎ ፕሪንት ሊያደርግ ይመጣል፣ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ ልጁ ይቅርታ እናት ብሎ ጎረቤት ይሄዳል። በሰኔ! ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው የመመረቂያ ወረቀት ገበያ በዓይኔ እያየሁት ጎረቤት ሲገባ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት (ስም አልጠራም፣ እግዜር ይያቸው) ክዳኑን እንኳን ሳይከፍቱ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል 7,500 ብር አሉኝ። የተቃጠለ ነገር እንዴት ነው ኤፍ ዋን ስጫነው የሚሰራው ብላቸው አንቺ አይገባሽም። እሺ አይገባኝም። ሁለተኛው ቤት ባሰ፣ 9 ቀን አስቀመጧት፣ ስደውል ነገ ነይ፣ ስሄድ ልጁ የለም፣ በመጨረሻ ስቀበላት ጭራሽ አትገባም፣ ምልክቷ ብልጭ ይልና ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ይጠፋል፣ ደግሞ እንደገና ትነሳለች፣ እንደገና ሰማያዊ። ሀርድ ዲስኩ ሞቷል አዲስ ግዢ አሉኝ፣ ለቼክ ብለው 500 ብር ተቀብለውኛል፣ ቤት ገብቼ ሳያት ደግሞ ከጎኗ ሁለት ብሎን የለም። እዛ ውስጥ የአንዲት ተማሪ ሙሉ ወረቀት አለ፣ በእጅ ጽፋ ያመጣችልኝን እኔ የተየብኩላት፣ ዲፌንሷ ሐሙስ ነው፣ እኔ ደግሞ ፍላሽ ላይ አልገለበጥኩትም። ማክሰኞ ማታ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ባጃጅ የሚነዳው የሰፈራችን ልጅ ነው እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ልጅ አለ ልውሰድሽ ያለኝ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሯን በፌስታል ጠቅልዬ ታቅፌ ሄድኩ። ሱቁን ሳየው ቅር አለኝ፣ ከቁምሳጥን አይበልጥም፣ ልጁም ገና 20ዎቹ ውስጥ ነው። ግን በርጩማ ስቦ አስቀመጠኝና ምን ሆነች ብሎ ጠይቆ ዝም ብሎ ሰማኝ! ሳያቋርጠኝ! ከመጀመሪያው ከፋሲካው ጀምሬ ስነግረው ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፣ "እትዬ ማታ ሲዘጉ ከሶኬት ይነቅሏታል እንዴ?"

አዎ፣ መብራቱ ስለማይታመን ሁሌ ዲቫይደሩን ነቅዬ ነው የምሄደው አልኩት። ሳቅ አለና በካቻቢቴ ከፍቶ አቧራዋን በብሎወር አራግፎ (አፈርኩ) ከውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አወጣ። ቴስተር አስነክቶ ቁጥሩን ወደኔ አዞረልኝ፣ 3 ቮልት መሆን ነበረባት ግማሹም የላትም። ኮምፒውተሯ ስትነቀል ቀኑንም ሴቲንጉንም የምታስታውሰው በዚች ነው፣ "ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ነው የምታድረው፣ አርጅታ ደከማት" አለኝ። ለካ ያ ሁሉ ጉድ የባትሪ ኖሯል።

እሷን ቀይሮ አንዲት ትንሽ ቆብ የመሰለች ነገር ከቦታዋ ነቅሎ መለሰና ከፈታት። አሁንም ሰማያዊ። ልቤ ቀጥ አለ። እሱ ግን ምንም አልመሰለውም፣ ባዮስ ይሁን ምን የሚሉት የሴቲንጓ ቦታ ውስጥ ገብቶ ወረድ ወረድ አለና አንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ቀየረ። አንድ ቃል! "ሴቲንጓ ሲጠፋ ከዲስኩ ጋር በሌላ ቋንቋ ነው የምታወራው፣ ዲስኩ ደህና ነው" አለኝ። ቁጭ ብዬ ሳይ ዴስክቶፑ መጣ፣ የተማሪዋ ወረቀት እዛው እንደተውኩት። እልል ልል ነበር፣ ሱቁ ጠበበኝ እንጂ።

ከዛ ቀኑን እርስዎ ይሙሉት ብሎ ኪቦርዱን ሰጠኝ፣ ሰኔ 2017 ብዬ ስጀምር በሳቅ ፈረሰ፣ "እትዬ እሷ ፈረንጅ ናት፣ 2025 በሏት እንጂ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታ ኢሜይሉ ዛሬም አይከፈትም።" ኢሜይሉን የሚያስኮርፈውም የቀኑ መሳሳት ነው ለካ።

እኔን የገዛኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ሊዘጋት ሲል ከካርቶን ቁራጭ ቀደደና ያቺን የቀየራትን ቃልና ባትሪው የተቀየረበትን ቀን በትልቁ ጽፎ ክዳኗ ውስጥ በፕላስተር ለጠፈው። ምንድነው ስለው "ነገ እኔ ባልኖር የሚከፍታት ሰው እንዳይቸገር።" እኔ 9 ቀን ሰው ሲደብቀኝ ከርሜ! የጎደሉትንም ብሎኖች ከራሱ ቆርቆሮ ፈልጎ አሰረልኝ። ስንት ነው ስለው 150 ብር፣ ባትሪውን ጨምሮ። 500 ብሰጠው መለሰልኝ፣ ተጨቃጭቀን በመጨረሻ በሳምንቱ ቡና አፍልቼ ከነቆሎው በባጃጅ ላኩለት፣ እሱን እምቢ ማለት አልቻለም።

ተማሪዋ ሐሙስ አቀረበች፣ አለፈች። ወንድሜም ሲደውል ነግሬው ልጁን አገናኚኝ ብሎ ሱቁ ድረስ ሄጄ በስልክ አመሰገነው። እኔም ልጁን ገለቶሚ እለዋለሁ፣ ደግሜ ደጋግሜ ገለቶሚ፣ እጅህ ይባረክ።

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ስልክም አልለጥፍም፣ መርካቶ ወርዳችሁ በርጩማ ላይ አስቀምጦ የሚሰማውን የኮምፒውተር ልጅ ብትሉ ባጃጆቹ ያውቁታል። እባካችሁ ተቃጥሏል ያሏችሁን ሁሉ አምናችሁ ብር አትቁጠሩ፣ መጀመሪያ እሱ ይያት። አርብ ግን ስድስት ሰዓት አካባቢ ደርሳችሁ ዝግ ነው ብላችሁ እንዳትመለሱ፣ ጁምዓ ሰግዶ ይመጣል፣ አጠገቡ ያለው ጫማ ሰፊ ዕቃችሁን ይቀበላችኋል።