ገጽ 31፦ ስለ አንድ ማተሚያ ቤት የደንበኛ አስተያየት

መጽሐፍ ለማሳተም ዋጋ እያጠያየቃችሁ ከሆነ ይህን አንብቡ። የቤቱን ስም አልጽፍም፤ ባለቤቲቱ ስሟ በየቦታው እንዲነሣ አትወድም፣ እኔም ከእርሷ ጋር የመጣላት አሳብ የለኝም። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፣ አሁን ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ ብለዋል። ትየባ፣ የገጽ ቅንብር፣ ዲጂታል ኅትመትና ጥረዛ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ነው።

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ይዤ የሄድኩት ስለ እምነት ቤቶቻችን ጠባይ የጻፍኳትን ባለ 64 ገጽ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሰባኪ ዘይት ሲቸበችብ፣ ባሕታዊ ነኝ ባይ የታመመን ሰው “መድኃኒትህን ጣለው” ሲለው፣ ሰፈር ሌሊቱን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ሲታመስ አይቼ አይቼ በመጨረሻ ብዕር አነሣሁ። የፈለግሁት 300 ቅጂ ነበር፤ በ120 ብር ሒሳብ ተስማማን። ከጠየቅኋቸው ሁለት ቤቶች ይህ ዋጋ ይሻላል።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ጸሐፊዋ ሂጃብ ያደረገች፣ ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰች ልጅ ናት። ረቂቄ ውስጥ ከመዝሙረ ዳዊት የጠቀስኩት ግእዝ ነበር። ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐ ከብዙኃኑ ኀ፣ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ አንዱንም ሳታምታታ አወረደችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ስለምን የኖርኩት ይህንን ነበር። “ማን አስተማረሽ?” አልኳት። “የምተይበው ነዋ፣ ጋሼ” አለችና ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል ቀጠለች። በ64ቱ ገጽ ያገኘሁት የትየባ ስሕተት አራት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ከእኔው የእጅ ጽሑፍ የመጡ ናቸው።

ችግሩ ያለው ባንኮኒው ላይ ነው። ባለቤቲቱ ማንኛውንም ጽሑፍ ከማተሟ በፊት ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ታነባለች። ከመስታወቱ ሥር፣ ከዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ፣ ሁለት ቅጠል ፎቶ ኮፒ አለ። አንዱ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 ነው፤ በአደባባይ በሃይማኖት ሥርዓት ላይ ያፌዘ ወይም ለሥርዓቱ የሚያገለግል ቦታን፣ ሥዕልን ወይም ዕቃን ያረከሰ ሰው እስከ ሁለት ዓመት ቀላል እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ሁለተኛው ከዚያው ሕግ የደንብ መተላለፍ ክፍል የተወሰደው አንቀጽ 816 ነው። ቅጣቱ መቀጮ ወይም ከአንድ ወር የማይበልጥ ማረፊያ ቤት ነው፣ አፉ ግን ሰፊ ነው፤ በሃይማኖት ማሾፍንም፣ ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሥርዓቱና ስለ ሃይማኖት ሰዎች የሌላውን ስሜት ክፉኛ የሚጎዳ ንግግርንም ይውጣል።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 እንድትጨምርበት ነገርኳት፤ ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ የሚከለክለውን። “እርሱ ለመንግሥት ነው፣ መምህር። እኔ ባለ ሱቅ ነኝ” አለችኝ። ልክ መሆኗ ነው ያናደደኝ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀርቷል፤ ማተሚያ ቤትን ግን የፈራውን እንዲያትም አላስገደደም። በ2004 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም ለማለት የሚያስችለውን ውል ለጋዜጣ አሳታሚዎች ባቀረበ ጊዜ፣ የተቃወሙት ሰዎች ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ሳንሱሩ በፊት በር ወጥቶ በጓሮ በር ተመለሰ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ረቂቄ ተመለሰልኝ። የመጀመሪያው ቀይ ምልክት ገጽ 17 ላይ ነበር፤ አንድን ፈዋሽ ነኝ ባይ በስሙ ጠርቼ ሌባ ብዬዋለሁ። “ማስረጃ አለዎት?” አለችኝ። አልነበረኝም። ስሙን አወጣሁ፣ ዓረፍተ ነገሩም ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ። እስከዚህ ድረስ የገንዘቤን ዋጋ አግኝቻለሁ።

ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ የጻፍኩትን ምዕራፍ ያለ አንዲት ጭረት አሳለፈችው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉ መነኮሳት የደረሰባቸውን ግርፋት፣ ግዞት፣ የምላስና የአፍንጫ መቆረጥ ሳላለዝብ ነው የጻፍኩት። በመጽሐፌ ውስጥ ከዚያ የከበደ ነገር የለም። “ይህ ታሪክ ነው” አለች። አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ደም ቢሆንም ይታተማል ማለት ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምልክት ገጽ 31 ላይ ነው። አንቀጹ ስለ ሦስት ድምፅ ማጉያዎች ይናገራል፦ በሌሊት ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጎህ ሲቀድ ስለ መስጊዱ፣ እሑድ ጠዋት ስለ ጸሎት አዳራሹ። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ መስመር ቀልድ መድቤላቸዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያኑ የጻፍኩት “ቅዳሴው እንዲህ የሚጮኸው ሰማይ ቤት ጆሮ የሚከብደው ሰው አለ ተብሎ ነው?” የሚል ነው። ያችኛዋን አነበበች፣ ሳቀች፣ አለፈቻት። ሁለቱን ግን ሰረዘቻቸው።

“ለምን?”

“የራስዎን ቤት ሲወቅሱ ቤተሰብ ነዎት። የጎረቤትን ሲወቅሱ ነገር ፈላጊ ይሆናሉ።”

“ይህን የሚል አንቀጽ የትኛው ነው? 816 የኔና የሌላ ሰው ሃይማኖት ብሎ ይለያል?”

“አይለይም። ሱቄ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ግን ይለያል።”

ነቢዩ ኤልያስን ጠቀስኩላት፤ በመጽሐፈ ነገሥት የበኣልን ነቢያት “ጮክ በሉ፣ አምላካችሁ ተኝቶ ይሆናል” ብሎ ያላገጠባቸውን። “እርሱን ታትሚው ነበር?” ስላት፣ “ኤልያስ 300 ቅጂ አላዘዘም” አለችኝ። ንግግሯ ደስ ይላል፣ ይህንን መካድ አልችልም። ሃይማኖቷ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንገቷ ላይ ማተብ የለም፤ ያ ደግሞ ምንም አይነግረኝም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ስወጣ በር አጠገብ ያየሁት ነው። በሲባጎ የታሰረ የበራሪ ጽሑፍ ክምር ባለቤቱን ይጠብቃል። አንዱን መዝዤ ገለጥኩት። የሌላውን እምነት ተከታዮች፣ እምነቱን ብቻ አይደለም፣ ሰዎቹን ራሳቸውን “የሰይጣን ማደሪያዎች” ይላቸዋል። ተመልሼ ገብቼ “ይህስ?” አልኳት። “እርሱ አስተምህሮ ነው” አለች፣ ሳትሸማቀቅ።

ቤት ገብቼ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አውጥቼ አነበብኩ፤ የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ የሚያስቀጣውን። ከክልከላው ውጪ ካደረጋቸው መካከል ምርምር፣ ዜናና የፖለቲካ ትችት፣ የኪነ ጥበብ ሥራ፣ ሃይማኖታዊ አስተምህሮም አሉበት። አዋጁ ክልክል የሚለው ሰውን በሃይማኖቱ ምክንያት እንዲጠላ፣ እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ ማነሣሣትን ነው። እኔ የቀለድኩት በድምፅ ማጉያ ላይ ነው። ያ በራሪ ጽሑፍ ደግሞ የሚናገረው እዚያው ሱቅ ውስጥ ስለምትተይብ ልጅ ጭምር ነው። የእኔ በቀይ ተሰረዘ፣ የእርሱ በሲባጎ ታስሮ ወጣ። ለፍርድ ቤት ቢቀርብ አስተምህሮ ተብሎ ነጻ ይወጣል አልልም፤ ባንኮኒው ላይ ግን ያለ ክርክር አልፏል።

“ወይ ሦስቱም ይግቡ ወይ ሦስቱም ይውጡ” ብዬ መድረቅ ነበረብኝ። ቀብድ ከፍዬ ነበር፣ የዐቢይ ጾምም ሊገባ ነው፣ ተሸነፍኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቀልድ ብቻውን ቀረ። ውጤቱን የጽዋ ማኅበራችን ላይ አገኘሁት። አብረን የምንጠጣ አንድ ሽማግሌ ገጽ 31ን ገልጠው፣ “አንተ፣ ከሦስቱ የሚጮኸው የኛ ብቻ ሆነብህ?” አሉኝ። ምን ልመልስ?

ስለ ዕቃው የቀረውን ባጭሩ ልናገር። በስምንት ቀን ይደርሳል የተባለው ሥራ መብራት እየጠፋ አሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ወረቀቱ 80 ግራም ነው፣ ደህና ነው። የሽፋኑ ላሜሽን ጠርዙ ላይ ይነሣል። ሙጫው ደካማ ነው፤ መጽሐፉን ለጥ አድርጋችሁ ከከፈታችሁት መካከለኛዎቹ ገጾች እጃችሁ ላይ ይቀራሉ። በክር እንዲሰፉላችሁ ጠይቁ፣ ትንሽ ያስጨምራል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱ የጸሐፊዋ ናቸው።

አንድ ስሕተት ደግሞ አለ፣ እርሱን ግን አልከሰስኩበትም። ሁለቱ መስመሮች ሲወጡ ገጹን መልሶ የሚያስተካክለው ሰው ረስቶታል። ገጽ 31 ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀልድ ሥር ሁለት መስመር የሚያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ያነበበ ሁሉ እዚያ ምን እንደነበር ይጠይቀኛል። እዚህ አልጽፈውም፤ ልጽፍ ብዬ እኔም ራሴ እጄን ሰበሰብኩ። ቤቴ ያስቀረኋቸው ሃያ ቅጂዎች ላይ ግን በእርሳስ ሞልቼዋለሁ። የመጀመሪያዋን ለጸሐፊዋ ወሰድኩላት። ስትተይበው አፏን በሻርፗ ሸፍና ስትስቅ አይቻት ነበር።