ለጠበቃችን ምስጋና፤ የውርስና የባልና ሚስት ንብረት ክርክር ለገጠማችሁም ጥቆማ

በአባታችን የእርሻ ይዞታና በከብቶቹ ላይ የተነሳው ክርክር በስምምነት አልቆ ፍርድ ቤት አጽድቆታል። ለዚህ ያበቁን ጠበቃችን ናቸውና በመላው ቤተሰብ ስም ከልብ እናመሰግናቸዋለን። ስማቸው በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ለጠየቀን በውስጥ መስመር እንሰጣለን። የሠሩትን ሥራ ግን ተመሳሳይ ጉዳይ ለያዛችሁ እንዲጠቅም እንጽፈዋለን።

ጉዳዩ ሁለት ክርክር የተቆላለፈበት ነበር። የአባታችን ውርስ ገና አልተጣራም፤ ከወራሾቹ አንዱ የሆነው ወንድማችን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በፍቺ ክርክር ውስጥ ነበር። ጠበቃችን ከሁሉ በፊት ቅደም ተከተሉን አስያዙን። ጋብቻ በሞት ሲፈርስም የባልና ሚስት ንብረት ይጣራል። የጋራ ዕዳ ተከፍሎ የእናት ግማሽ ይወጣል፤ ውርስ የሚባለው ከዚያ የሚተርፈው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ልጆች ይህን ዘለው ሁሉንም ከተካፈሉ እናት ባዶ እጇን ትቀራለች፤ ወይ ደግሞ ትከስና ክፍፍሉ እንደገና ይጀመራል።

መሬቱን ለብቻው ነው ያዩት። የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ስለሆነ የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ አንብበው፣ የይዞታ ደብተሩን ከወረዳው መሬት አስተዳደር መዝገብ ጋር አመሳከሩ። የወራሽነት ማረጋገጫ በእጅ መያዝም መሬቱ የእኔ ነው አያሰኝም፤ ወራሽ መሆንን ብቻ ነው የሚያሳየው። ማረጋገጫውን ይዘው ዝም የሚሉ ሰዎች በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰሻ ባስቀመጠው የጊዜ ገደብ ይጎዳሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት የውርስ ንብረት ጥያቄ፣ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁበት ጊዜ አንስቶ በሦስት ዓመት ይታገዳል።

ከባዱ የወንድማችን ጉዳይ ነበር፤ እዚህ ላይ ነው ሙያቸውንም ሐቀኝነታቸውንም ያየነው። አባታችን በሕይወት ሳሉ፣ ከሠርጉ በኋላ፣ ላሞች ሰጥተውት ነበር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 57 በስጦታም ሆነ በውርስ የተገኘ ንብረት የግል ነው። በአንቀጽ 62 ግን ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ የጋራ ነው። ስለዚህ ጠበቃችን በስጦታ የተሰጡት ላሞች የእሱ፣ በትዳር ዘመን የተሸጠው ወተት ገንዘብና የተወለዱት ጥጆች የሁለቱ እንደሚሆኑ ፊት ለፊት ነገሩት። አልጣመውም፤ ሚስቱ የሚገባትን ያገኘችው ግን በዚህ ነው። በስጦታ ከተገኙት ላሞች አንዷ ተሸጣ የተገዛው የውሃ ፓምፕ ደግሞ የግል የሚሆነው በአንቀጽ 58 ፍርድ ቤት ተጠይቆ ሲወስን ነው። ካልሆነ አንቀጽ 63 አለ፦ በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ንብረቱ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የማስረዳት ሸክሙ «የግሌ ነው» ባዩ ላይ ስለሆነ የስጦታ ውልና የሽያጭ ደረሰኝ አይጣል!

ክርክሩ ሳያልቅ ከብት እንዳይሸጥም የእግድ ትዕዛዝ አወጡ። «ላሞቹ ይታገዱ» ብሎ ማመልከት ዋጋ የለውም፤ በገበያ ቀን ማን የማንን እንደሸጠ አይለይም። እሳቸው እያንዳንዷን ላም በቀለሟ፣ በዕድሜዋ፣ በቀንዷ ቅርጽና በጆሮዋ ምልክት አስመዝግበው፣ ጥጃዋንም ከእሷው ሥር አስፍረው ነው ያቀረቡት። ኋላ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ክርክሩን ያቀለለው ይኸው ዝርዝር ነው። ስምምነቱንም በሽማግሌ ፊርማ ብቻ አልተዉትም፤ ፍርድ ቤት አጽድቆት መዝገብ ውስጥ ስለገባ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ክፍያቸውም ግልጽ ነው። ውሉ የትኛውን ደረጃ እንደሚያካትት በጽሑፍ ሰፍሯል፤ ይግባኝና የዳኝነት ክፍያ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ልታማክሯቸው ስትሄዱ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት፣ የይዞታ ደብተሩን ኮፒ፣ የግብር ደረሰኞችን፣ ኑዛዜ ካለ ኑዛዜውን፣ እንዲሁም የንብረቱን ዝርዝር እያንዳንዱ መቼና በምን እንደተገኘ ጽፋችሁ ያዙ።